አንሶላው፣ ፎጣውና የእማዬ ከፈን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15 ቀን 2007፤ ከአሱር ሶላት በኋላ

ቁምሳጥኑ ተራግፎ ኮሪደሩ ላይ ነው። መርገጫ የለም። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ፣ የእንግዳ ብርድ ልብስ፣ መስገጃ፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የጠረጴዛ ልብስ። ደብተሬ፣ አንቺን ያስቀመጥኩሽ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ነው። ኮቴ ስሰማ ከሥሩ ትገቢያለሽ። ቅር አይበልሽ።

ትእዛዙ የመጣው ጠዋት ነው። ማዳም ቁርሷን ሳትጨርስ ስልኳን አሳየችኝ። አንዲት ሴትዮ አንሶላ ታጥፋለች፣ ፎጣ ትጠቀልላለች፣ ሁሉም በየቀለሙ ይሰለፋል። ረመዳን ሳይገባ የእኛም እንዲህ ይሁን አለች። ይሁን። ስልኩ ውስጥ ካለችው ሴትዮ በምን አንሳለሁ? እሷ ግን ያጠፈችው ሁለት አንሶላ ነው። የዚህ ቤት አንሶላ አንድ ቀበሌ ያስተኛል።

ቀጥላ ያለችው ነገር ነው ልቤን የሰቀለው። ቁምሳጥኑ ሲያልቅ ባባ ኸሩጅሽን ያወጣልሻል አለች። ኸሩጅ፣ የመውጫ ወረቀት። ባባ ባሏ ነው፣ የእኔ ደግሞ ከፊል፣ ያስመጣኝ ዋሴ ማለት ነው። እሱ ካላወጣልኝ ከሪያድ ንቅንቅ የለም።

ኮንትራቴ ካለቀ ከርሟል። ከእኛ አገር ሠራተኛ መምጣት ከቆመ ወዲህ ግን ማዳም እኔን መልቀቅ ትፈራለች። ምትክ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ በየወቅቱ ተስፋ ትመግበኛለች። ከፈተና በኋላ። ከኢድ በኋላ። ከልጇ ሠርግ በኋላ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ዛሬ ግን አመንኳት። ምን ላድርግ? እማዬ ታማለች። ሐይቅ ከተማ፣ ያው ቤታችን ተኝታለች። ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ያስታምማታል። ኩላሊት ነው ይላሉ። በሕይወት እያለች መድረስ ነው የምፈልገው። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ላስቲክ ያለው አንሶላ የሰው ጠላት ነው። አራቱን ማዕዘን አንዱን በአንዱ ታለብሺያለሽ፣ ታነጥፊዋለሽ፣ ሦስት ታጥፊዋለሽ። ዞር ብለሽ ስትመለሺ አብጦ ይጠብቅሻል። ሦስት ጊዜ ሰደብኩት። ኋላ መላ መጣልኝ። የአንድ አልጋ ልብስ በሙሉ ተጣጥፎ በራሱ የትራስ ልብስ ውስጥ ይገባል። አንዱን ስትመዢ ሌላው አይናድም። ማዳም አየችና ዝም አለች። የማዳም ዝምታ ምስጋና ነው።

ከሰዓት ተበላሸ። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ፣ በአሮጌ የትራስ ልብስ የተጠቀለለውን ነገር ራሷ ጎትታ አወጣችው። ፈታችው። አንሶላ አይደለም፣ ጠርዙ አልተዘመዘመም። ምንድን ነው አለችኝ።

ከፈን ነው፣ የመገነዣ ጨርቅ። የእማዬ።

ታሪኩን አልነገርኩሽም መሰለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተሰቡ ለዑምራ መካ ሲሄድ እኔንም ይዘውኝ ሄደው ነበር። እማዬ ከዚህ አገር የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወርቅ አላለች፣ ቴሌቪዥን አላለች። በተቀደሰው የዘምዘም ውኃ የታጠበ ከፈን። በእኛ ሰፈር ስንት እናት ይህንን እንደተመኘች ሄዳለች። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ፣ በዘምዘም አጠብኩት። ያኔ በእግራቸው የሚሄዱት የባባ እናት አንዱን ጫፍ ያዙልኝ። እኔ ወደዚህ እሳቸው ወደዚያ እየጠመዘዝን ጨመቅነው። ቁምሳጥኑ ውስጥ እንዳስቀምጠው የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው። የእኔ ክፍል ሰገነቱ ላይ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ናት። ግድግዳዋ ያልባታል፣ ጨርቅ አይከርምባትም።

ማዳም የሴት ልጆች ት/ቤት የሃይማኖት መምህርት ናት። ይህ መሠረት የለውም አለችኝ። ሰውን የሚጠቅመው ሥራው ነው፣ ጨርቁ የታጠበበት ውኃ አይደለም። በክፋት አልነበረም። ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳው ቀስ ብላ ነው። እሺ ማዳም አልኩ። ልክ ትሆናለች። እማዬ ግን ትምህርት አልጠየቀችኝም። ጨርቅ ነው የጠየቀችኝ።

ከቁምሳጥኑ ይውጣ ተባለ። ወደ ባባ እናት ክፍል ወሰድኩት። ማማ ከቢራ እንላቸዋለን፣ ትልቋ እናት እንደማለት። (ረጅም ነው። ከእንግዲህ ማ.ከ. ብዬ ልጻፋቸው፣ እስክሪብቶዬም ይበርክት።) አሁን ወገባቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ናቸው። ከአልጋቸው ሥር አስገቢው አሉኝ። አስገባሁት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18፤ ከምሳ በኋላ

የፎጣ ቀን። የእጅ፣ የፊት፣ የገላ፣ የባሕር። ይህ ቤተሰብ ባሕር ያየው አንዴ ነው፣ የባሕር ፎጣው ግን አንድ መደርደሪያ ሞላ። ጠቀለልኩ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ክቡ ወደ ፊት። ያለቀለትን ለይቼ ለወለል መወልወያ አወረድኩት። ፎጣም ከሹመቱ ይሻራል።

ሰዒድ ደወለ። ድምፁ ደርቋል። እማዬ እህል ዘግታለች። ሰው ፈልጊ ይለኛል። ወደ አገር የሚመጣ ሰው ፈልጊና ከፈኑን ስደጂ። ሰዓዳን ጠይቂያት፣ እሷ የሚሄደውንም የሚመጣውንም ታውቃለች። (ሰዓዳ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ ሺፋ ሰፈር አንድ ቤት ትሠራለች። እውነቱን ነው፣ ከሪያድ ማን እንደሚሄድ ከአየር መንገዱ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።) እማዬ በነቃች ቁጥር መጣ ወይ ትላለች አለኝ። ቶይባ መጣች ወይ አይደለም። ከፈኑ መጣ ወይ። ቀናሁ ደብተሬ። ወላሂ በጨርቅ ቀናሁ።

አልልክም አልኩት። እኔው ይዤው እመጣለሁ፣ ማዳም ቃል ገብታልኛለች። ተቆጣ። ታናሼ ነው፣ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ስንት ቃል ነው የሚገቡልሽ አለና ዘጋው።

ብልክላት እኮ ጨርቁን አግኝታ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔን የምትጠብቅበት ምን ይቀራታል? ለማንም አልተናገርኩትም ይሄን። ክፉ ሐሳብ ነው። ግን ይኸው ነው ሐሳቤ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ማ.ከ.ን አጠብኳቸው፣ አንሶላቸውን ቀየርኩ። ወደ ጎን አዞራቸዋለሁ፣ አሮጌውን እስከ ጀርባቸው እጠቀልላለሁ፣ ንጹሑን በግማሽ አነጥፋለሁ፣ መልሼ አዞራቸዋለሁ። ብዙ የታጠበውን ነው የምመርጥላቸው። አዲስ አንሶላ ገላቸውን ይፍቃቸዋል። ማዳም ደግሞ ጠያቂ ሲመጣ ያሳፍራል፣ አዲሱን አንጥፊ ትላለች። ስለዚህ አዲሱ ከላይ ይታያል፣ አሮጌው ከሥር ይተኛል። ሁሉም ደስ ብሎት ይኖራል።

ሳበጥራቸው ከአልጋው ሥር ያለውን አውጪልኝ አሉ። አወጣሁት። ደረታቸው ላይ አድርገው ዳበሱት። መካ ላይ ስንጨምቀው እጅጌያቸው እንዴት እንደራሰ አነሱና ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ ተዪልኝ አሉ።

ክው አልኩ። ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ናቸው። ስንት ጣቃ ጨርቅ መግዛት ይችላሉ! ግን ማን ያጥብላቸው? ልጃቸውን ቢጠይቁ እሱም እንደ ሚስቱ መሠረት የለውም ይላቸዋል። መስጊዱ የራሱ ከፈን አለው፣ በሱ ተገንዘው ይሄዳሉ። እሳቸው ይሄን አይፈልጉም። ልጅ እያሉ የሰሙትን ነው የሚፈልጉት፣ ልክ እንደ እማዬ።

የእናቴ ነው ማማ፣ አልኳቸው። ሐቅሽ ነው ልጄ አሉ። ሁለቴ አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ቀኑን ሙሉ አላዋሩኝም።

ሰውን እምቢ ማለት አምሮብኝ አያውቅም። ግን እምቢ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 23

ደብተሬ! ስሚኝ! ሰዒድ ደወለ። ድምፁ ረጋ ብሏል፣ ቁጣው የለም። እኔ ነኝ ስለ ከፈኑ ያነሳሁት። ሰዓዳ ሰው አገኘች፣ በሚቀጥለው ሳምንት የምትሄድ ልጅ አለች፣ በቃ ልላከው አልኩት። ተሸንፌለት ነበር። ለከፈኑ አትቸኩዪ አለኝ። አይ፣ ለሱ አትቸኩዪ እታለም፣ ስትመጪ ታመጪዋለሽ።

ተሻላት ማለት ነው! ነፍሷ ሽቅብ ወጥታ ተመለሰች ማለት ነው። እማዬን ላናግራት አልኩ፣ ተኝታለች አለ። ትተኛ። እንቅልፍ ለበሽተኛ መድኃኒት ነው። እህል ቀመሰች ወይ አልኩት፣ አልሐምዱሊላህ አለኝ።

ዛሬ ቁምሳጥኑ እጄ ላይ ቅቤ ሆነ። ነጩን ከነጭ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ። በየድርብርቡ መሐል የሳሙና ቁራጭ። ሳላውቀው ሳንጎራጉር ማዳም ሰማችኝና ደነገጠች። ምን ሆነሻል አለችኝ። እናቴ ተሻላት አልኳት። አቀፈችኝ። ወላሂ፣ ማዳም! አቅፋኝ አታውቅም። ሽቶዋ ልብሴ ላይ ቀርቷል።

ያላ፣ ሁለት መደርደሪያ ቀረ። ከዚያ ኸሩጅ። ከዚያ እማዬ።

ዓርብ፣ ግንቦት 28፤ የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል

እንግዳ ነበረኝ ዛሬ። እኔ! ሰዓዳ፣ እዚህ የሁላችን ታላቅ የሆነችው እትዬ ሐሊማና አንዲት የማላውቃት ልጅ። በዓርብ ቀን ሦስቱንም አሠሪዎቻቸው እንዴት እንደለቀቋቸው አላህ ያውቃል። ማዳምም እምቢ አላለችም፣ ወደ ክፍሌ ይውጡ አለች። ሦስቱ አልጋዬ ላይ ተደረደሩ፣ እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ጁስና ኬክ ይዘዋል። ማንም አልከፈተውም።

እትዬ ሐሊማ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። ሰዓዳ የሰው ወሬ ሳታወራ ስትቀመጥ ያየኋት ዛሬ ነው። እኔ ነኝ የለፈለፍኩት። ስለ ቁምሳጥኑ፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ማዳም ቪዲዮ። ሳቅኩ፣ እነሱም ትንሽ ሳቁ። እትዬ ሐሊማ ዱንያ ማለት፣ ልጄ፣ ብላ ጀመረች። ሁላችንም ባለ ተራ ነን አለች። የዕድሜ ነገር ነው፣ ትመክራለች አልኩና አቋረጥኳት። እማዬ እኮ ተሻላት አልኳቸው። ሰዒድ ራሱ ለከፈኑ አትቸኩዪ አለኝ።

 የማላውቃት ልጅ መሬት መሬት አየች። እትዬ ሐሊማ አልሐምዱሊላህ አለች፣ በጣም በቀስታ። ማዳም ከታች ተጣራች፣ የባባ ቶብ፣ ያ ረጅም ቀሚሱ፣ ካውያ ይፈልጋል። ተነሡ። በሩ ላይ ሰዓዳ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝና አልለቅም አለች። በርቺ እሺ እህቴ፣ በርቺ አለችኝ። ምን ልበርታ? ቶብ ለመተኮስ?

ጁሱን ማ.ከ. ጠጡት። ኬኩን ልጆቹ ጨረሱት። 

ቅዳሜ፣ ግንቦት 29

የሶፋ ልብስ አጠብኩ። ብርድ ልብሶቹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሰገነቱ ይፋጃል፣ ልብስ ሳይሰጣ ይደርቃል።

ሰዓዳ ትናንት እማዬን አልጠየቀችኝም።

ሁልጊዜ ከሰላምታዋ ቀጥሎ እናትሽ እንዴት ናቸው ትላለች። ትናንት አላለችም። እትዬ ሐሊማም አላለችም። ሦስት ሰው መጥቶ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።

ባለፈው ዓመት የጓደኛችን የዘይነብ አባት የሞቱ ጊዜ የሄድነው እኛ ነን። የሷ አሠሪዎች እዚሁ ሰፈራችን ዑረይጃ ናቸው፣ ከኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው አገር ብቻዋን ላለች ሴት ጨርሶ አይነገርም። ቤተሰቧ ደብቀው ደብቀው ለእትዬ ሐሊማ አደራ ሰጡ። ሦስት ሆነን ሄድን። ዓርብ ነበር። እትዬ ሐሊማ ዱንያ ማለት ብላ ጀመረች። ሰዓዳ፣ ዘይነብ ስትወድቅ እንድትይዛት፣ ከጎኗ ተቀመጠች። ሦስተኛዋ ጁስ ያዥ ናት፣ ካለቀሰች በኋላ ጉሮሮዋን እንድታርስላት። ጁስ ያዥዋ እኔ ነበርኩ።

ለከፈኑ አትቸኩዪ።

ያረብ። ከፈን የሚያስቸኩለው ማንን ነው? የማያስቸኩለውስ መቼ ነው? እኔ ተሻላት ብዬ ዘፈንኩ። እየሳቅኩ እየለፈለፍኩ አፋቸውን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ማን ጨክኖ ይንገረኝ?

እማዬ ሞታለች።

ይኸው ጻፍኩት። በምን ተገነዘች? በየትኛው ጨርቅ? እየጠየቀች ነው የሄደችው፣ መጣ ወይ እያለች። ልልከው እችል ነበር። የቀናሁበት ጨርቅ ከሰው አልጋ ሥር ተቀምጧል።

አላለቀስኩም። ማንም አልነገረኝም እኮ። መርዶ ያልተረዳ ሰው በምን አፉ ያለቅሳል? ማዳም ለምን ታለቅሻለሽ ብትለኝ ምን እላለሁ? ብርድ ልብሶቹን አውርጄ አጣጠፍኳቸው። የመጨረሻውን ሳላጥፈው ትቼው ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

አለቀ። ከላይ ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከሥሩ ባለ ቀለም፣ ከሥሩ ፎጣ እንደ እንጨት ተደርድሮ፣ ከታች የእንግዳ። ማዳም በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ፎቶ አነሳች። ለእህቶቿ ላከች። ስልኳ ወዲያው ይጮህ ጀመር፣ ሁሉም ያቺ የማን ሠራተኛ ናት ይላሉ። ማዳም ደረቷን ነፋች፣ እኔን በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ኸሩጁን አነሳሁላት። ፊቷ ጠቆረ። ረመዳን እኮ ደረሰ ቶይባ አለችኝ። ሳምቡሳውን ማን ይሠራዋል? ማማን ማን ያዞራል? ከኢድ በኋላ ኢንሻአላህ፣ ባባ ይሙት። ደግሞ እናትሽ ተሽሏቸዋል አላልሽኝም?

ብያታለሁ። 

ደብተሬ፣ እውነት ልንገርሽ፣ ብዙም አልተናደድኩም። የሚያናድደኝን ሰው ለማግኘት እንኳ አቅም አጣሁ። የምሄድበት ነገር የለም። ሰዒድ ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳሁለትም። ካነሳሁ ወይ ይዋሸኛል ወይ ይነግረኛል። ሁለቱንም አልፈልግም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ፣ ሆዴ ውስጥ እየነቀዘ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ማ.ከ. ሌሊቱን ሲቃትቱ አደሩ። ጠዋት አንሶላቸውን ስቀይር ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ከስተሻል አሉ። ሥራ ነው አልኩ። አይደለም አሉ።  አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ቤት አልጋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ከፈኑን አወጣሁ። ጥቅልሉን ፈትቼ እንደገና በሥርዓቱ አጠፍኩት፣ ባለ አምስት አድርጌ፣ ለሴት እንደሚሆነው። ውሰዱት ማማ አልኳቸው።

ወዲያው አልተቀበሉኝም። እናትሽስ አሉኝ። ጨርቁን ወደ እሳቸው ገፋሁት። ያኔ ገባቸው። እጄን ያዙ። ምንም አላሉም፣ ኢና ሊላህም አላሉ፣ አላህ ያጽናሽም አላሉ። ያልተነገረኝን የነገሩኝ እንዳይመስልባቸው ይሆናል። እጄን ብቻ ያዙ፣ እኔ ያኔ አለቀስኩ። ድምፅ አልነበረውም። ካለቀስኩ በኋላም ምንም አልቀለለኝም። ሰዎች ይቀልልሻል ይላሉ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ።

ከፈኑን የት ላድርገው አልኳቸው። ቁምሳጥኑ ውስጥ አሉ። ማዳምስ ስላቸው፣ ቤቱ የልጄ ነው፣ ልጄ የእኔ ነው አሉ። በነጩ መደርደሪያ፣ ለስላሳ አንሶላዎቻቸው ካሉበት ጎን አኖርኩት። ከሰዓት ማዳም ከፍታ አየችው። አየችኝ። ዘጋችው።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ባባ ጠራኝ። ወረቀት በእጁ ይዟል። ኸሩጅሽ ነው አለኝ፣ ረቡዕ ትሄጃለሽ። ደርቄ ቆምኩ። ማዳም ኩሽና ውስጥ ሳህን ታንኳኳለች፣ ያኮረፈች ሴት እንደምታንኳኳው።

ለካ ማ.ከ. ልጃቸውን አስጠርተው ሁለት ነገር ተናዝዘውለታል። አንደኛ፣ ስሞት በዚያ ጨርቅ ነው። ሁለተኛ፣ ይህችን ልጅ ረመዳን ሳይገባ አገሯ ስደዳት። እምቢ ቢል ጡቴን አልሀልልልህም፣ ያጠባሁህን ይቅር አልልህም ብለውታል። ባባ ትልቅ ሰው ነው፣ ዑለያ ሰፈር ቢሮ አለው፣ ሰው ይፈራዋል። እናቱን ግን ይፈራል። እናት ያለው ሰው።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ይሄ ወረቀት ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ! እያየሁት ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። አመሰገንኩት፣ የማ.ከ.ን እግር ሳምኩ። ደስ ብሎሽ ሂጂ አሉኝ፣ ከዚያ ያሉት ነገር ራሳቸውን አሳዘናቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለሰዒድ ደወልኩ። ረቡዕ እመጣለሁ አልኩት።   በስንት ሰዓት ነው የምትደርሺው አለ፣ ከአዲስ አበባ ለብቻሽ አትምጪ፣ እኔ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ የት ቦታ እንደደረስሽ ንገሪኝ፣ አጎታችንንም ይዤ እመጣለሁ። ሰው ለማሰባሰብ ነው። አውቃለሁ። ደጃፉ ላይ ሸራ ይወጠራል፣ ከመኪና ስወርድ ሴቶቹ ይቀበሉኛል፣ አንዷ ትጮኻለች፣ ያኔ አውቃለሁ ማለት ነው።

እማዬስ አልኩት። አፌ ነው ያመለጠኝ።

ትጠብቅሻለች አለኝ። ድምፁ ግን እንደ ድሮው ተሰነጠቀ፣ ልጅ ሆኖ በግ ሲጠፋበት እንደሚሰነጠቀው። ተሸክሞት ነው የከረመው። በቀኑ እኔን እየዋሸ፣ ለቅሶ ተቀምጦ፣ ከዚያ ወጥቶ ስልክ እየመለሰ።

ሰኞ፣ ሰኔ 8፤ ጠዋት

ሻንጣዬ አልጋው ላይ ተከፍቷል። ማዳም ኩርፊያዋ አልፎላት ሁለት አንሶላ ሰጠችኝ፣ አዲስ፣ ከነላስቲኩ። ሳቄ መጣ። ሹፌሩ ከሰዓት ገበያ ያደርስሻል አለችኝ።

ሳስብ አደርኩ። ለሰዒድ አውቄያለሁ ልበለው? ልገላግለው? መኪናውን ሳያቆም አንገቱን አቅፌ በቃ፣ ሰምቻለሁ ልበለው? እንዲህ ባደርግ ግን መርዶው ይበላሻል። ሸራው ይወጠራል፣ ሴቶቹ ይቆማሉ፣ እኔ ደርቄ እገባለሁ። እማዬ ሳይለቀስላት ትቀራለች። ሰዒድም በስልክ ሰማች፣ ሰው አገር ብቻዋን አለቀሰች ሲሉት ዕድሜውን ሙሉ ይቆጨዋል። ከፈኑን አላደረስኩላትም፤ ለቅሶዋን እንኳ በወጉ ላድርስላት።

ስለዚህ አላውቅም። ወሰንኩ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ እስቃለሁ። መንገዱን ሙሉ ስለዚህ ቤት እለፈልፍለታለሁ፣ ስለ ፎጣዎቹ፣ ስለ ማዳም ፎቶ። የለቅሶው ሸራ ሲታይ ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ይንገሩኝ። በደንብ ይንገሩኝ።

ባዶ እጄን ከሄድኩ ይጠረጥራሉ። ለእማዬ ስጦታ መያዝ አለብኝ። ጥቁር ሻሽ፣ የሚሞቅ ሹራብ፣ ጫማ። ከፈኑን ማንም አይጠይቀኝም።

ገበያ ሳልወጣ ለሰዒድ እደውላለሁ። የእማዬን የጫማ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ሠላሳ ሰባት እንደሆነ አውቃለሁ።